በወንድሟ ስም

ዙህራ የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ሥራዋን ለቅቃ እዚያው ከተማ የራሷን ስፌት ቤት ልትከፍት ስትነሳ የምታምነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟን ሰዓድን። መቁረጡንም መስፋቱንም የምታውቀው እሷ፣ የእናቷን ወርቅ ሸጣ ማሽኖቹን የገዛችውም እሷ። ሰዓድ ደግሞ አፉ ጤፍ ይቆላል፤ ከአዳማ እስከ ባቱ ያለውን ትምህርት ቤት ሁሉ ዩኒፎርም እንዲያሰፋ የሚያግባባ እሱ ነው። ሚስቱን ሀኒያንም ቢሆን አይታ፣ ወዳ የዳረችለት ዙህራ ናት።

ፈቃድ ሊያወጡ ጠበቃዋ ገላኔ ዘንድ ሄዱ። ገላኔ ሽርክናውንም፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር የሚባለውንም፣ በአንድ ሰው ስም የሚወጣውንም ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ማህበሩ ይሻላችኋል፣ የየራሳችሁ ድርሻ ተጽፎ ይቀመጣል አለች። ሰዓድ ወዲያው ተስማማ። የተቆጣችው ዙህራ ናት። አዝዬ ካሳደግኩት ልጅ ጋር ነው ድርሻ የምጻጻፈው? ሰው ቢሰማ ምን ይለናል? ደግሞስ ትምህርት ቤት ሊከፈት ደርሶ የማህበሩ ጣጣ መቼ ሊያልቅ ነው?

«ከትምህርት ቤቶቹ ጋር የሚዋዋለው እሱ ነው፣ በእሱ ስም ይውጣ» አለች። «በእኔና በወንድሜ መሀል ወረቀት አይገባም።»

ገላኔ ደግማ ብትጠይቃት ገላመጠቻት። አይ ዙህራ! ፈቃዱ በሰዓድ ስም ወጣ፣ ሥራውም ሰመረ።

ከዚያ ሰዓድ ጨርቅ ጭኖ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሞጆ አጠገብ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ውርሱ ሲጣራ ስፌት ቤቱ እንዳለ የሟች ንብረት ነው፤ ለሚስቱና ለሕፃን ልጃቸው ይገባል ተባለ። ዙህራ ማሽኖቹ የኔ ናቸው ብትል ማስረጃ አምጪ አሏት። ከየት ታምጣ? የማሽኖቹ ደረሰኝ እንኳ በሰዓድ ስም ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። የምትረግመው ሰው ማጣቷ ነው ይበልጥ ያንገበገባት።

ሀኒያ ክፉ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር። አላባረረቻትም። በገዛ ማሽኗ ላይ ደሞዝ ቆረጠችላት፣ ዙህራም ዋጥ አድርጋ ተቀመጠች።

ባለፈው ሳምንት ሀኒያ፣ ገላኔ ቢሮ አብረን እንሂድ አለቻት። ዙህራ ድርሻዬን ልትሰጠኝ ነው ብላ የክት ሻርፗን አደረገች። ቢሮ ሲገቡ የሀኒያ ወንድም ጃዕፈር ቀድሟቸው ተቀምጧል። ለካ ሀኒያ የልጇ ድርሻ ሳይነካ ስፌት ቤቱን ከወንድሟ ጋር ማህበር ልታደርገው ነው። ዙህራ የተፈለገችው ለምስክርነት ነው።

ገላኔ ከወረቀቷ ቀና አላለችም።

ሀኒያ የዙህራን እጅ ያዘች። «ከወንድም ጋር ወረቀት ያሳፍራል እል ነበር» አለቻት፣ ከልቧ። «አንቺን አይቼ ተማርኩ፣ ዙህራዬ። እንዳንቺ መሆን ፈራሁ።»

ዙህራ እስክሪብቶውን ተቀበለች። በስፌት ቤቱ ወረቀት ላይ ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈረ፤ ከታች፣ ምስክር ከሚለው ጎን።