ቤቱ ባዶ አይደለም

ባሌ ሒሳብ አስተማሪ ነው። ቁጥር ካላየ አያምንም፣ ቁጥር ካየ ደግሞ ሌላ ነገር አይታየውም። የቤታችን ማሞቂያ አሮጌ መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ አዲስ ልንገዛ የሄድን ቀንም ይህን አመሉን ይዞት ነው የወጣው። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። ያን ቀን ከሥራ ወጥቼ ሳልተኛ፣ ዓይኔ እየቆጠቆጠኝ ነበር የተከተልኩት። እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የምትማረው ልጃችንም አብራን ነበረች። ካልተከራከረች ነገር የማይጥማት ስለሆነች ዳኛዋ እንላታለን።

ሻጩ ሦስት ዓይነት ደረደረልን። የመጀመሪያው እንደ ድሮው በእጅ የሚዞር ነው። እኔ እሱን ወደድኩት፤ ሲበርድሽ ታዞሪዋለሽ፣ ይሞቃል፣ አለቀ ደቀቀ። ሁለተኛው ሰዓት እየተሞላለት የሚሠራ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሦስተኛው ክብ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ስማርት ቴርሞስታት ነው። ባሌ እሱ ላይ ዓይኑን ጥሎ ቀረ።

“ይሄ ይማራል፣” አለ ሻጩ። “መቼ እንደምትነሱ፣ መቼ እንደምትወጡ፣ መቼ እንደምትገቡ ራሱ እያየ ያጠናል። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ማሞቂያውን ይቀንሰዋል። መጀመሪያ ላይ ብቻ እንነግረዋለን። ቤታችሁ ባዶ የሚሆነው መቼ ነው?”

“ጠዋት ከወጣን ከትምህርት ቤት እስክንመለስ ማንም የለም፣” አለ ባሌ።

አጠገቡ ቆሜያለሁ እኮ! “እኔስ?” አልኩት።

“አንቺማ ትተኛለሽ።”

ሻጩ ሳቀ። ዳኛዋ፣ “የተኛ ሰው ሰው አይደለም እንዴ አባዬ?” ብላ ልትጀምር ነበር፤ አባቷ ግን ከፍሎ ጨርሶ ዕቃውን ደረቱ ላይ አቅፎታል።

ስሙን ብልጡ አልነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በባሌና በዳኛዋ ስልክ ተመዘገበ። የእኔ ስልክ ደውሎ ከማናገር ሌላ ምንም የማያውቅ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስለሆነ እኔ አልተመዘገብኩም። ከዚያ በኋላ ባሌ ሲነሳ ብልጡ፣ ሲተኛ ብልጡ ሆነ። ትምህርት ቤት ቁጭ ብሎ ሳሎናችን ምን ያህል እንደሞቀ ስልኩ ላይ ያያል፣ ለባልደረቦቹም ያሳያል። ዕቃው በቆጠበ ቁጥር ስልኩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ይሸልመዋል፤ ይሄ ስንት ተማሪ በሒሳብ ያስለቀሰ ሰው ለዚያች ቅጠል ሲል ልጅ ሆኖ አረፈው።

ቅጠሏ ከየት እንደምትመጣ የማውቀው እኔ ነኝ። ጠዋት እኔ ስገባ እነሱ ይወጣሉ፤ በር ላይ እንተላለፋለን። ገላዬን ታጥቤ ጋደም እስክል ብልጡ ሳሎኑን ይቃኝና የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያጣ “ቤቱ ባዶ ነው” ብሎ ይጽፋል። ማሞቂያውም ይጠፋል። እኔ ብርድ ልብስ ላይ ካፖርት ደርቤ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ አድርጌ እንቀጠቀጣለሁ። እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል የገዛ አፍንጫዬ ቀዝቅዞ ይቀሰቅሰኛል። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ይሏችኋል ይሄ ነው።

ለባሌ ነገርኩት። “ቀላል ነው፣” አለኝ። “ሲበርድሽ ሳሎን ወጥተሽ ፊቱ ተንቀሳቀሺ፣ ያይሻል።” እኔ ጅሏም አደረግሁት። ካፖርቴን ተከናንቤ፣ ሳሎን መሃል ቆሜ ለግድግዳ እጄን አውለበለብኩ። ብልጡ በራ፤ ማሞቂያው ተነሳ። ተመልሼ ተኛሁ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ባዶ ነው አለ። እንደገና ወጣሁ፣ እንደገና አውለበለብኩ። አንድ ቀን በገዛ ቤቴ መኖሬን ለዕቃ ሳስረዳ መስኮቱ መስታወት ላይ ራሴን አየሁት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እልህ ያዘኝ። ከዚያ ወዲያ እጄን አላነሳሁለትም።

“በቃ ቀንም ሰው አለ ብለህ ንገረው” ስለው ደግሞ፣ “እስካሁን የተማረው ሁሉ ይበላሻል፤ ሌላ ብርድ ልብስ ልግዛልሽ” አለኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ብርድ ልብሱን ገዛ። ይጫናል እንጂ አያሞቅም።

እኔ የሌሊት ሥራዬን እወደዋለሁ፤ በዚህ ላይ የማንንም ምክር አልቀበልም። ሕፃን ሲመጣ መሽቷል ብሎ አያድርም፤ ሲመጣም መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ እጅ ላይ ነው። ሳይበርደው አድርቄ፣ ጠቅልዬ እናቱ ደረት ላይ አስተኛዋለሁ። እኔ ያዋለድኳቸው ሴቶች ለሁለተኛው ሲመጡ “ያቺ የሌሊቷ አለች?” ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ስሰማ ደስታዬን የማደርግበት አጣለሁ። ባሌ ሥራዬን አይጠላውም፣ ግን ሲከፋው “የቀኑን ብትይዢ እንደ ሰው አብረን እንበላ ነበር” ይላል። እኔም እሰማውና አልፈዋለሁ።

እንቅልፍ ማጣቱ ግን ሥራዬን ነካብኝ። አንድ ሌሊት ምጥ የጠናባትን ሴት እጅ እንደያዝኩ፣ ቆሜ አንቀላፋሁ። ሴትዮዋ ራሷ ናት የቀሰቀሰችኝ። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የክፍላችን ኃላፊ አይተውኛል። ድምፃቸው ኮሪደር ሙሉ ሰው ስለሚያሰልፍ ከኋላቸው ኮማንደር ነው የምንላቸው። ጠዋት ተራ ልንለዋወጥ ስንል ጠሩኝ።

“አንቺ ልጅ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቀን ካርድ ክፍል ትገቢያለሽ።”

“እትዬ፣ አንድ ጊዜ ስላንቀላፋሁ?”

“እሱ ብቻ አይደለም። ባልሽም ደውሎልኝ ነበር። ቀን እንቅልፍ የላትም፣ የቀን ሥራ ብትሰጧት ጥሩ ነው አለኝ። እኔም አዘንኩልሽ።”

ደሜ ፈላ። ቤቱን ያቀዘቀዘብኝ ሰው ነው አዛኝ ሆኖ የደወለው! ካርድ ክፍል ማለት ከመስኮት ኋላ ተቀምጦ ስምና ዕድሜ እየጠየቁ መጻፍ ነው። ክፉ ሥራ አይደለም፤ የእኔ ግን አይደለም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ስለዚህ ተናገርኩ።

“እትዬ፣ ማንቀላፋቴን አልክድም። ግን የእኔን ሥራ እኔ ነኝ የምጠይቀው፣ ባሌ አይደለም። ዛሬ ተኝቼ ልምጣ። ማታ ዓይኔን አይተው ይወስኑ።”

ትክ ብለው አዩኝ። “እሺ፣ ዛሬን ተኚ። ማታም ይሄን ዓይን ይዘሽ ከመጣሽ ግን ካርድ ክፍል ነው፤ ሙግት አልፈልግም።”

ቤት ስደርስ እነሱ ወጥተዋል። ሳሎን ገብቼ ብልጡ ፊት ቆምኩ። ግድግዳው ላይ የተመታው መያዣው ብቻ ነው። ዕቃው በባትሪ ይሠራል፣ ማሞቂያውንም የሚያዘው ያለ ሽቦ ነው። ጠምዘዝ አድርጌ ነቀልኩት። “ና እስቲ፣” አልኩት፣ “የምትማር ከሆነ ዛሬ ከእኔ ተማር።” መኝታ ቤት ወሰድኩትና ራስጌዬ ያለው ኮመዲኖ ላይ ፊቱን ወደ እኔ አዙሬ አቆምኩት። ሙቀቱን ከፍ አደረግሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ወዲያው ሞቀ። ካፖርቱን ጣልኩት፣ አንዱን ካልሲ አወለቅሁ፣ ከባዱን ብርድ ልብስ በእግሬ ገፍቼ መሬት አወረድኩት። ከዚያ በኋላ ምንም አላስታውስም። እንደዚያ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ!

የነቃሁት በሩ ተበርግዶ ሲከፈት ነው። ገና ቀትር ነው። አልጋዬ ግርጌ ባሌ የመወልወያ እንጨት በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ከኋላው የትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ አለ፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። ከሁለቱ ኋላ ደግሞ ዳኛዋ ቦርሳዋን አዝላ አንገቷን ታሰግጋለች።

“ውጣ!” ብሎ ጮኸ ባሌ። ከዚያ አየኝ። እንጨቱ ቀስ እያለ ወረደ። “አንቺ ነሽ እንዴ?”

“ማን ልሁንልህ?”

“ሌባ መስሎኝ እኮ ነው! ስልኬ ላይ ‘ቤት ውስጥ ሰው አለ’ ብሎ መጣ። ሙቀቱም ጨምሯል። በዚህ ሰዓት ደግሞ ቤቱ…” አለና እንጨቱን ግድግዳ አስደገፈው።

“ቤቱ ምን?” አልኩት። “ጨርሰዋ!”

የስፖርት አስተማሪው ጉሮሮውን ጠራረገ። “እኔማ መንገድ ላይ፣ ‘ባለቤትህ ትሆን እንዴ?’ ብዬው ነበር፣” አለ አንገቱን እያከከ። “‘አይ፣ እሷ እንኳ የለችም’ አለኝ።”

“የለችም አልክ?” አለች ዳኛዋ አባቷን ቀና ብላ እያየች። በዚህ ጊዜ ግን ልትከራከር አልነበረም የጠየቀችው፤ ድምጿ ራሱ ተቀይሯል።

ከብርዱ ሁሉ ይህ አመመኝ። ሰውየው ክፍል ሙሉ ተማሪ ጥሎ፣ መንገዱን ሙሉ ሮጦ፣ ቤቱን ከእኔ ሊያድን መጣ። ሲሮጥ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላልኩትም፤ ሌባው ይገድላት ይሆን ብሎ እንኳ አልፈራልኝም።

የስፖርት አስተማሪው “እንግዲህ ሌባ ከሌለ…” ብሎ ሹልክ አለ። ባሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ መቼም በእኔ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ቀን ሰው አላበው።

“ይቅርታ፣” አለ። “ዕቃው ነው ያሳሳተኝ።”

“በዕቃው አታሳብብ። እሱ እኔን ያየ ዛሬ ነው፣ ያየ ዕለትም ሰው አለ ብሎ መሰከረ። የለችም ብሎ ያስተማረው ማን ነው? አንተ አይደለህም አስተማሪው?”

“ለአንቺ ብዬ ነው እኮ…”

“ኃላፊዬ ጋ የደወልከውም ለእኔ ብለህ ነው?”

ቀና አለ። እንደማውቅ አላወቀም ነበር። “ፈርቼልሽ ነው፣” አለ ዝግ ብሎ። “እየከሳሽ ነው፣ እንቅልፍ የለሽም። የቀን ሥራ ቢሆን ሁላችንም…”

“ለእኔ ፈርተህ ለእኔ አልነገርከኝም፤ ለአለቃዬ ነገርክ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የአንተ ነገር። ቅጠል ስትለቅም እንቅልፌን በላኸው፣ እንቅልፌ ሲያልቅ ሥራዬን ልትወስድ መጣህ። ሥራዬን አልሰጥህም! ስልክህን አውጣ።”

“ለምን?”

“የደወልክላቸው ጋ መልሰህ ደውል። ልጅህም ትስማ።”

ዳኛዋ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠችው። መውጫ የለም ማለቷ ነው። ባሌ ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተው። ጠርቶ ጠርቶ ሊቆም ሲል ተነሳ።

“ማነው?” አሉ ኮማንደር። ድምፃቸው ከትራስ ሥር የመጣ ነው።

“ጤና ይስጥልኝ… እኔ የዚያች የሌሊቷ ነርስ ባለቤት ነኝ። ባለፈው የቀን ሥራ ይሰጧት ያልኩት ነገር… ተሳስቼ ነው፣ ይተዉት ልልዎ ነው።”

“አንተ ሰውዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ አድሬ ተኝቻለሁ! ሌሊት የሚሠራ ሰው ጋ ቀን ይደወላል?” ባሌ ስልኩን ከፊቱ አራቀው። “የሷን ሥራ ደግሞ ከሷ እንጂ ካንተ አልሰማም። እሷ የት ናት?”

ባሌ አየኝ። ፀጉሬ ተበታትኗል፣ አንዱ እግሬ ካልሲ አድርጓል፣ አንዱ ባዶውን ነው።

“ቤት ናት፣” አለ። ከአፉ ሲወጣ ከበደው። “ቤት ናት። ተኝታ ነበር።”

“ነበር? ቀሰቀስካት እንዴ?” ብለው ከዚያ በኋላ የተናገሩትን አልጽፈውም። ስልኩ ተዘጋ።

ዳኛዋ አፏን በቦርሳዋ ማንገቻ አፍና በሳቅ ትንፈራፈራለች። እኔ ግን አልሳቅሁም። “ሰምተሃል፣” አልኩት። “በሩን ዘግታችሁ ውጡ።” ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ባሌ መሬት የወደቀውን ብርድ ልብስ አንስቶ አጠፈው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ወጣ። ተመልሼ እስኪጨልም ተኛሁ።

ስነሳ ሁለቱም ሳሎን ውስጥ ካፖርታቸውን ለብሰው እራት ይበላሉ። የእኔ ክፍል ሲሞቅ ብልጡ ማሞቂያውን ያጠፋል፤ ሳሎኑ ሰፊ ስለሆነ በርዶታል። ማንም መኝታ ቤት ገብቶ አልነካውም። እኔም አላወጣሁላቸውም። ጎርሼ ወጣሁ።

ኮማንደር አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ መብራቱ አዞሩት። ዓይኔን ግራና ቀኝ አዩ። “አንዷ ሁለተኛው ማዋለጃ ክፍል ገብታለች፣” አሉኝ፣ “አንቺን እየጠየቀች ነው። እጅሽን ታጠቢ።” ስለ ካርድ ክፍል ከዚያ ወዲህ አንስተውብኝ አያውቁም።

ጠዋት ስመለስ ቤቱ ሞቋል። ብልጡ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋዬ ትይዩ በአዲስ ብሎን ታስሯል። ባሌ መዶሻና ብሎን የማይሆንለት ሰው ስለሆነ ትንሽ አጣሞታል፤ አላቃናሁትም። ሳሎን ግድግዳ ላይ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ተገልጠው ቀርተዋል። ባሌ ሲሚንቶ አምጥቼ ልድፈናቸው ብሎኝ ነበር፤ ተው አልኩት። እንግዳ የመጣ እንደሆነ፣ እዚህ ምን ነበር ብሎ ይጠይቀዋል። እሱ ራሱ ይንገረው።