ከአዋሽ የመጣው ፎቶግራፍ

«ተምች ነው!» አለች የሺሐረግ፣ ማጉያ መነጽሩን ከፎቶግራፉ ላይ ሳታነሳ። «አቶ ቀናው፣ ይዩት እንጂ። የፊት ክንፉ ላይ ኩላሊት የመሰለች ነጥብ አለች። የኋላው ነጭ ነው፣ ሥሮቹ ጠቁረዋል። ይኼ የእሳት እራት የተምች እናት ነው።»

ፎቶግራፎቹ ከአዋሽ በባቡር ተልከው ማለዳ አቃቂ ጣቢያ የደረሱ ናቸው። ከየቦታው በመብራት ወጥመድ የተያዘውን የእሳት እራት በፎቶግራፍ እያየች ዓይነቱን መለየት የሺሐረግ የስድስት ዓመት ሥራዋ ነው።

የሰብል ጥበቃ ኃላፊው አቶ ቀናው ፎቶውን በሩቁ አየት አደረጉት።

«ደብዛዛ ነው። በዚህ ተማምኜ መድኃኒት አስረጭቼ ተምቹ ቢቀር የምጠየቀው እኔ ነኝ። ‹አልተለየም› ብለሽ ፈርሚ፤ ናሙናው ይምጣ።»

«ናሙናው እስኪመጣ እኮ እራቱ በነፋስ እዚህ ደርሶ እንቁላሉ ይፈለፈላል!»

«የሺሐረግ፣ ስድስት ዓመት ብትሠሪም ቅጥርሽ ገና ቋሚ አልሆነም።»

ፈረመች።

ከናሙናው በፊት ዝናቡ መጣ፤ ዝናቡን ተከትሎ ትሉ። ከአቃቂ ወዲያ ማዶ ያለው የጤፍ ቡቃያ በሦስት ቀን ውስጥ እንደ ራስ ተላጨ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ዱጉማ ቢሮ ገቡ። የየሺሐረግ አባት ሐዲድ ጠጋኝ ሳሉ ለቤታቸው ወተት ያመላልሱ የነበሩ ገበሬ ናቸው። በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ጥቁር ትል ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፉት።

«ልጄ፣ ለዘር የሚሆን እንኳ አልተረፈኝም። እናንተ የተማራችሁት ይኼ እንደሚመጣ አታውቁም ነበር?»

አቶ ቀናው ከውስጠኛው ክፍል ብቅ አሉ። «አባባ፣ የፈጣሪ ቁጣ ነው። በነፋስ የሚመጣን ነገር ማን ያውቀዋል? እሷም ‹አልተለየም› ብላ ፈርማለች። አይደለም እንዴ የሺሐረግ?»

ትሎቹ በወረቀቶቿ ላይ ይርመሰመሳሉ።

«ፈርሜያለሁ» አለች። «ግን አውቅ ነበር፣ አባባ ዱጉማ። ፎቶው የመጣ ቀን አውቄዋለሁ።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት።

«አላውቅም ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር» አሉና ሳይሰናበቱ ወጡ።

«ምን ጠቀምሽ አሁን? እሳቸውንም አሳዘንሽ፣ ራስሽንም ከእንጀራሽ ልታፈናቅዪ ነው» አሉ አቶ ቀናው በሩን እየዘጉ።

የሺሐረግ ትሎቹን በእጇ ጠርጋ ንጹሕ ወረቀት ሳበችና፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት «ተምቹ ፎቶግራፉ በደረሰበት ቀን ተለይቶ ነበር» ብላ መጻፍ ጀመረች።