እናቴን በትንሽ ፊደል ስጽፋት

የሬዲዮ ጣቢያው የድምፅ ክምችት ክፍል ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጠባቧ መስኮት ስትገባ ዓይኔ ክድን ክድን ይልና የምጽፈው ኮድ ይሁን የማየው ሕልም መለየት ያቅተኛል። ለፕሮግራመር የሚመከር ክፍል አይደለም። እኔ ግን ወድጄ ነው የገባሁበት።

ወድጄ ስል፣ ለእናቴ ብዬ ነው። እናቴ የዚህ ጣቢያ ተረት ነጋሪ ነበረች። የሞተችው ገና ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ ቤት ውስጥ ስታወራ ድምፅዋ ምን ይመስል እንደነበር አላስታውስም። የማውቃት በሬዲዮ ነው፤ ከሞተችም በኋላ ጣቢያው ተረቶቿን ለዓመታት እየደጋገመ ያሰማ ነበር። አክስቴ ሬዲዮኑን ትራሴ አጠገብ ታስቀምጥልኛለች፣ እናቴ ታወራለች፣ እኔ እተኛለሁ። ሌላውም ልጅ ሁሉ በእሷ ድምፅ እንደሚተኛ ትምህርት ቤት ስሰማ ደሜ ፈላ። የእኔ ብቻ ነበር የምትመስለኝ። ከዚያ ጣቢያው ተረቱን አቆመ። እናም አሮጌውን የድምፅ ክምችት ወደ አዲስ ኮምፒውተር የሚያዛውር ሰው ሲፈለግ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ከእኔ የተሻለ አታገኙም" አልኩ። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ተረቶቿን አግኝቼ ለራሴ መቅዳት።

የፋይሎቹ ስም በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው፤ አንዱ በትልልቁ፣ አንዱ በትንንሹ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ እዚህ ቤት አንድ ሰው በላቲን ሲጽፍ ትልልቁን ከተጠቀመ፣ ቁልፉን ተጭኖ ረስቶት ነው ብለን እናልፋለን። ለአሮጌው ኮምፒውተር ግን በትልቅ ፊደልና በትንሽ ፊደል የተጻፈ ስም ሁለት የተለያየ ስም ነው። ለአዲሱ አንድ ነው። እኔም ሁሉንም ስም ወደ ትንሽ ፊደል የምትለውጥ አጭር ኮድ ጻፍኩ። ያው ስም በሁለቱም መልክ ተቀምጧል ብሎ ማን ያስባል? ቅጂ የምንይዝበት ሌላ ዲስክ እንዲገዛ ስጠይቅ አለቃዬ፣ "ስም ለመቀየር ደግሞ ምን ቅጂ ያስፈልጋል?" ብሎ ሳቀብኝ።

ኮዷን እዚያው አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ለቀቅኳት። ስሞቹ አንድ በአንድ ዝቅ እያሉ ሲያልፉ እኔንም እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። በሕልሜ እናቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ተረት ጀመረች፤ መሃል ላይ ግን አፏ ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር፣ ድምፅ የለውም።

ስነቃ የፋይሎቹ ብዛት ቀንሷል።

አንድ ተረት ከፈትኩ፤ ወንበር ሲጢጥ ይላል፣ ሰው ይስላል። ሌላ ከፈትኩ፤ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። የጠፋ የሌላ ሰው ዝግጅት የለም፤ የእናቴ ተረት ግን አንድም አልቀረም። እግሬን አንስቼ ወደ ጋሼ ዝምታ ሮጥኩ።

ጋሼ ዝምታ የጣቢያው አንጋፋ የድምፅ ቴክኒሻን ነው። ቀረጻ ሊጀመር ሲል ጣቱን አንስቶ "ዝምታ!" ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት። ማይክሮፎን እየፈታ አገኘሁት።

"ጋሼ፣ የእናቴ ተረቶች ጠፉ! የቀረው ሳል ብቻ ነው።"

"ምን አደረግሽ?"

"ስሙን ሁሉ ወደ ትንሽ ፊደል ቀየርኩት።"

ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ተረቱን በትንሹ ፊደል ነበር ያስቀመጥኩት" አለ ቀስ ብሎ። "የቀረጻው ቀይ መብራት ሳይበራ የምታወራውን ደግሞ በዚያው ስም፣ በትልቁ። አለቆቹ 'ቆርጠህ ጣለው' ሲሉኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳቸው። አሁን ስትለውጪው ትልቁ መጥቶ ትንሹ ላይ ተጻፈበት። በቃ።"

"ለሳል ማን ትልቅ ፊደል ይሰጣል?" ብዬ ጮህኩበት። በእሱ ላይ መጮህ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን ሰው ሲበሳጭ የሚጮኸው አጠገቡ ባገኘው ላይ ነው።

"አሮጌው ኮምፒውተር ፋይሎቹን ሲዘረዝር ትልቁን ፊደል ከላይ ነው የሚያመጣው። ጠዋት ስገባ ሳልፈልግ እንዳገኘው ብዬ ነው" አለኝ፤ ዓይኑን ከማይክሮፎኑ አላነሳም። "ሌላው ሁሉ መብራቱ እስኪበራ አፉን ይዘጋል። ዝም በይ ብላት እምቢ የምትለኝ እናትሽ ብቻ ነበረች። ተረቱንማ ማንም ያነበዋል፣ የኔ ልጅ።"

"እኔ ግን ያንን ነው የምፈልገው!" አልኩና አለቀስኩ። የማውቃትን እናቴን ውሃ በላት፤ ያስበላኋትም በገዛ እጄ ነው።

ክንዴን ይዞ ወደ ክፍሌ መለሰኝ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ፤ ወደ ታች ወደ ላይ ፈልጎ አንዱን ፋይል ከፈተና "እዚህ ላይ አንቺም አለሽበት" ብሎኝ ወጣ።

አንዲት የማላውቃት ሴት ሳቀች። ድምፅዋ ከሬዲዮዋ ሴት ወፈር ይላል፤ ትቸኩላለች፤ የቃላቷን ጫፍ ትውጣለች።

"ምን ላድርግ ታዲያ፣ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ!" አለች። "አንቺ ጉድ! እጅሽን ከወረቀቴ ላይ! አንተ ደግሞ አትሳቅ፤ ስትስቅላት ይብስባታል።"

ወረቀት ተቀደደ። ሴትዮዋ ተናደደች፤ ስትናደድ ልክ እንደኔ በአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው። ይህን አክስቴ ነግራኝ አታውቅም። ተረት ስትነግር ደግሞ አንድም ቀን ተናዳ አታውቅም። ማዳመጫውን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

ቀጥሎ ድምፅዋ ከማይክሮፎኑ ራቀ፤ ወደ ወለሉ ጎንበስ ያለች ይመስለኛል።

"በይ አሁን እማዬ ተረት ልትናገር ነው። ቀዩ መብራት ሲበራ ጭጭ። እሺ? ጭጭ ትይልኛለሽ አይደል፣ እሙዬ?"

ልጅቷ አንገቷን ነቅንቃ ይሆናል፣ ጣቷን እየጠባች ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

"እሙዬ?" አለች እንደገና።

"አቤት" አልኩ።

"ጎበዝ" አለችኝ።