ዘበኛው የማይጠይቀው ሰው

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አዋላጇ ከጓሮ የሥራ ጫማዋን እያጠበች ሳለ እናቷ ከሳሎን ተጣራች። የተጣራችው ደንግጣ አልነበረም፤ ተናዳ ነው። ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው አልታዘዝ ብሏታል።

እናትየው በየቅዳሜው ኮምፒውተሩን ታስፈትሻለች። ይህን ያስለመዳት አማቿ ነው፤ የታናሽ ልጇ የኩኩ ባል። ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሩ» የሚለው፣ የተበላሸ ማሽን የሚጠግን፣ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ኮምፒውተሩን አምጥቶ ሳሎኑ ጥግ የተከለላት እሱ ነው። አጠገቧ በርጩማ ስቦ ተቀምጦ፣ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈውን ሁሉ በቀለም አቀለለላት። አረንጓዴ ሲሆን ይዝጉት። ቢጫ ሲሆን በቀኝ በኩል ያለውን ይጫኑ። ቀይ ከሆነ ምንም ሳይነኩ ለእኔ ይደውሉልኝ። እናትየው ይህን እንደ መድኃኒት ትእዛዝ ይዛው ኖረች። ልጆቿ «የእማ ቢጫ» እያሉ ሲስቁባት እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ኢንጂነሩ የኩኩን ክንድ ሰበረ፤ ከደረጃ ወደቀች ተባለ። ሁለተኛ ጊዜ ሲሰብረው ደረጃ ወደሌለው ቤት ተዛውረው ነበርና የሚባል ጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት እሱ ሥራ ሲሄድ ኩኩ አንድ ቦርሳ አንጠልጥላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። የት እንዳለች የሚያውቁት እናቷና ታላቅ እህቷ አዋላጇ ብቻ ናቸው። አዋላጇ በዚያው ሳምንት የበሩን ቁልፍ አስቀየረች፤ የቤቱን ስልክ ቁጥር አስለወጠች፤ ጎረቤቱን እየዞረች «ቢጠይቃችሁ አናውቅም በሉት» አለች። ኩኩ ማርገዟን ያወቀችው ከሄደች በኋላ ነው። ባልየው ይህን እንዳይሰማ ሦስቱም ተማማሉ። አዋላጇ ደግሞ የኩኩ ወር ሲገባ ፈቃድ ጠይቃ ልትሄድ፣ የእህቷን ልጅ በገዛ እጇ ልትቀበል ቆርጣለች። ስንት የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራ ይሄኛውን ሌላ ሰው እንዲቀበለው አልፈለገችም።

ኮምፒውተሩን ማንም አላሰበውም። እሁድ እሁድ የኩኩን ፊት የሚያዩት በእሱ ነው።

«ቢጫ ነው ያለኝ፤ በቀኝ በኩል ያለውን ብጫን ሌላ ነገር ይዘረግፍብኛል» አለች እናትየው።

አዋላጇ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ጎንበስ አለች። ፈታሹ ፕሮግራም ራሱን አድሶ ኖሮ ድሮ በአንድ መስመር ይለው የነበረውን አሁን ዘርዝሮታል። ከውጪ የሚገባውን የሚያግደው ፋየርዎል በርቷል ይላል። ሆኖም ሳይጠየቁ እንዲያልፉ የተፈቀደላቸው ፕሮግራሞች አሉ ይላል። ከሥሩ ሦስት ስም። አንደኛው የማተሚያው ነው፤ ሁለተኛው ከኩኩ ጋር የሚተያዩበት። ሦስተኛው «ረዳት» ከሚል ቃል ጋር የተጣበቀ ቁጥር ነበር፤ ከጎኑ «ምንነቱ አይታወቅም፤ ይወገድ ወይስ ይቆይ?» የሚል ጥያቄ አለ። «ይቆይ» የሚለው በቀኝ በኩል ነው። ዝቅ ብሎ በደቃቃ ፊደል፣ ጥያቄው ከዚህ ቀደም ቀርቦ «ይቆይ» የተባለባቸው ቀኖች ተደርድረዋል። ሁሉም ቅዳሜ ናቸው።

ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አልገባትም። ቀኖቹን ደግማ ቆጠረችና የክሊኒካቸውን ኮምፒውተሮች ለሚጠግነው ልጅ ደወለች። ሠራተኛው ሁሉ «ሽቦ» ነው የሚለው፤ ቅጥነቱ ነው ስሙን ያወጣለት።

ሽቦ ምሳ ሳይበላ መጣ። እናትየው ከላይ እስከ ታች አየችውና ነፋስ ባለበት ቀን ብቻህን አትውጣ አለችው። እሱም እማማ እኔ ስለቀጠንኩ ነው በበር ስንጥቅ ገብቼ የማገለግልዎት አላት። ስቀው ተቀመጡ። የፍተሻውን መስኮት ወደ ጎን ሲገፋው ከጀርባ በማሽኑ ገጽ ላይ የተለጠፈው ምስል ታየ።

«ይሄ ደመና ምንድነው እማማ?»

«ደመና! ዓይንህ ይጥፋ። የልጅ ልጄ ነው። ይኸውልህ ጭንቅላቱ፣ ይኸውልህ እጁ።»

ኩኩ የላከችው የአልትራሳውንድ ፎቶ ነበር። እናትየው ሁልጊዜ እንዲታያት ፈልጋ፣ ገጹ ላይ የለጠፈችላት አዋላጇ ናት።

ሽቦ ሦስተኛውን ስም ተከትሎ አንዱን መዝገብ ከፈተ፤ ሌላውን ከፈተ። ቀልዱን ተወ። ከዚያ ውሃ ጠማኝ ብሎ እናትየውን ወደ ጓዳ ላካት።

«ፋየርዎሉ ተበላሽቶ ነው?» አለች አዋላጇ።

«ደህና ነው ሲስተር። ችግሩ እሱ አይደለም። የኛ የወሊድ ክፍል ዘበኛ አለ አይደል? ከመጠየቂያ ሰዓት ውጪ አባትን እንኳ አያስገባም። ግን ‹እሱን ሰውዬ አትጠይቀው› ተብሎ የተነገረው ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎም አያይ። ዘበኛው ተኝቶ አይደለም፤ ታዞ ነው። ይሄም እንደዚያው ነው። አንድ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ፣ ይሄን እለፍ በለው ብሎታል።»

«ምንድነው የሚያልፈው?»

«በሩቅ ሆኖ ማሽኑን ማዘዝ የሚያስችል ነገር ነው። እናንተ የምታዩትን ያያል። ስታወሩም ይሰማል።» ጣቱን በመዝገቡ ላይ አሳለፈ። «እሁድ ገብቷል። ባለፈው እሁድም። ከዚያ በፊትም። ከእህትሽ ጋር የምታወሩበት ሰዓት ላይ ነው።»

አዋላጇ ገጹን አየችው። ደመናውን አየችው። ኩኩ ባለፈው እሁድ እናቷ ደስ እንዲላት ካሜራውን በመስኮት አውጥታ ሰፈሩን አሳይታ ነበር፤ ከምትኖርበት ክፍል ፊት ለፊት ያለውን ዳቦ ቤት፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን በር፣ ከላዩ የተጻፈውን ስም። እናትየው የዳቦውን ሽታ እዚህ ድረስ አመጣሽብኝ ብላ ስቃለች።

እጇን ሰዳ የኤሌክትሪክ ገመዱን ያዘች። ሽቦ እጇን ከላይ ያዘው።

«አሁን አልገባም፤ ቢገባ እዚች ጋ ያሳየን ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከቆረጥንበት ግን ማወቃችንን ያውቃል። አውቀውብኛል ያለ ሰው ደግሞ ይቸኩላል። መጀመሪያ እሷ ከዚያ ትውጣ። በዚህ ማሽን ሳይሆን በሌላ ስልክ ንገሪያት። እስከዚያ እኛም እንደ ወትሮው እንሁንለት።»

ብሎ በቀኝ በኩል ያለውን፣ «ይቆይ» የሚለውን፣ ራሱ ተጫነው።

እናትየው ውሃውን ይዛ ስትመለስ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። ተስተካከለ ወይ አለች። ተስተካክሏል እማማ አላት ሽቦ፤ ውሃውን ቆሞ ጠጣና ወጣ።

አዋላጇ ተረኛ ነኝ ብላ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ከአዋላጆች ክፍል፣ ከጠረጴዛው ስልክ ደወለች። ግድግዳው ማዶ አንዲት ሴት ምጥ ይዟት ታቃስታለች። ኩኩ ስልኩን ያነሳችው አፏ ምግብ ሞልቶት ነው።

«በሞትኩት እታለም፣ ያለ ቀንሽ ምን ሆንሽ?»

አዋላጇ ሰው መጥቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ማን ይመጣብኛል አለች ኩኩ። ከዚያ ትዝ ብሏት፣ ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው ዳቦ ቤት ገብቶ ዳቦ ከገዛ በኋላ እዚህ ግቢ ነፍሰ ጡር ሴት ትኖራለች ወይ ብሎ እንደጠየቀ፣ ባለ ዳቦ ቤቷም ለምንህ ነው ብትለው ፈገግ ብሎ እንደሄደ ነገረቻት። ባለ ዳቦ ቤቷ እንደሆነ ጨዋ ሰው ነው ብላ አድንቃዋለች። ነገሩን በቀልድ ጀምራው ነበር፤ እየተናገረች ድምጿ እየቀዘቀዘ ሄደ። «ነፍሰ ጡር» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

አዋላጇ ሳታሳጥር ነገረቻት፤ ምን እንደሚያይ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያይ። ማሽኑ በየሳምንቱ ላስወጣው ወይ ብሎ ይጠይቅ እንደነበርም አልደበቀችም።

«ማን ነው ይቆይ ያለው?» አለች ኩኩ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚጠይቀው» አለች አዋላጇ።

«የእማ ቢጫ» አለች ኩኩ ለራሷ።

«አልገባትም እኮ ኩኩዬ። እሱ እንዳሳያት ነው ያደረገችው።»

«አውቃለሁ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ስቄያለሁ። እንዳትነግሪያት።»

ልብስ ሲጣል፣ መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። እያወራች ትሰበስብ ነበር። አዋላጇ የት እንደምትሄድ ጠየቀቻት፤ አንድ የማውቃት ሴት አለች፣ ብላ ስትጀምር ኩኩ አቋረጠቻት።

«አልነግርሽም እታለም።»

«ለእኔ?»

«ለአንቺ ከነገርኩሽ እማ ታውቃለች። ቁጭ ብላ ዓይንሽን እያየች ትለምንሻለች፣ አንጀትሽ አይችልም። እሷ ካወቀች ደግሞ እሱ መንገድ አያጣም። ይወዳታል እኮ። እሷም ሳትጠላው ነው የቀረችው። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ቢያለቅስባት ምን ታደርጋለች?»

አዋላጇ ሥራዋን ሠራች። እግርሽ አብጧል ወይ አለች። ትንሽ፣ አለች ኩኩ። ጣትሽን ስትጫኚው ጎድጉዶ ይቀራል ወይ? ይቀራል። ግፊትሽን መቼ ተለካሽ? ኩኩ አላስታወሰችም። አዋላጇ ለሰው ሁሉ የምትለውን፣ ግን ለማንም ባልተናገረችበት ፍጥነት ነገረቻት። ራስሽን ከፈለጠሽ፣ ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ ከጎድንሽ ሥር ካመመሽ፣ ነገ እሄዳለሁ አትበዪ፤ በዚያችው ሰዓት ሂጂ። ክንድሽ ሁለቴ መሰበሩን ንገሪያቸው፤ እንዳይጎትቱት። ደም ከፈሰሰሽ አትራመጂ። ከወለድሽ በኋላም የደሙን መጠን የሚያይልሽ ሰው ሳይኖር እንዳትተኚ።

«እሺ» ትላለች ኩኩ በየመሃሉ፤ «እሺ እታለም።»

«ቢያንስ ስትወልጂ ደውዪልኝ። የት እንዳለሽ አትንገሪኝ። መውለድሽን ብቻ።»

የቦርሳ ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ። ስልኩን እዚሁ ትቼው ነው የምሄደው፣ አለች ኩኩ። ቆይታ ደግሞ፣ እማን ሳሚያት፣ አለችና ዘጋችው። አዋላጇ መልሳ ደወለች። ጠራ፤ ጠራ፤ ማንም አላነሳውም።

ከግድግዳው ማዶ ስሟን እየጠሩ ነበር። ገባች፤ ጓንት አጠለቀች፤ የማታውቃት እናት የወለደችውን ልጅ ተቀበለች።

አዋላጇ ኩኩ ወጥታለች ብላ ደውላለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽቦ ተመልሶ መጥቶ ሦስተኛውን ስም አጠፋው፤ ፕሮግራሙንም ከነሥሩ ነቀለው። ለአዋላጇ ብቻ የሚሰማ ነገር ነገራት፤ በሩ ተዘግቷል፣ ያየውን ግን ማንም አያስረሳውም።

በማግስቱ እናትየው ፀጉሯን ተበጥራ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። አዋላጇ በርጩማውን ስባ፣ አማቹ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጠችና ኩኩ ዛሬ እንደማትመጣ ነገረቻት። ሰውዬው ቦታዋን አውቆ ነበር፤ ወጥታ ሄዳለች፤ ደህና ናት፤ የት እንደሄደች ግን እኔም አላውቅም፣ አለቻት።

«በምን አወቀ?»

«የራሱ ዘዴ አለው እማ። ባለሙያ አይደል።»

እናትየው ጥቁሩን ገጽ ትኩር ብላ አየችው። ጣቷ ጉልበቷ ላይ ነበር።

«በዚህ ነው አይደል?» አለች።

«አይደለም።»

«ልጅ ሆነሽም መዋሸት አይሆንልሽም ነበር።»

ውጪ ሰው ያልፋል፤ ሰው ይስቃል። እናትየው አላለቀሰችም፤ አዋላጇ ብታለቅስ ይሻል ነበር ብላ አሰበች፤ ለሚያለቅስ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቅበታለችና።

«ቀኗ ሲደርስ ማን አለላት?» አለች እናትየው በመጨረሻ።

«አዋላጅ ይኖራል እማ። አዋላጅ የሌለበት የት አለ።»

«እንዳንቺ ያለች?»

አዋላጇ በሥራ ዘመኗ ያየቻቸው ሁሉ በዓይኗ መጡ። ደህናዎቹ መጡ። እጇ የሚቸኩለውም፣ ምጥ የያዛትን ጮህሽብኝ ብላ በጥፊ የምትመታውም፣ ደሙን ሳታይ ወጥታ ሻይ የምትጠጣውም አብረው መጡ።

«እንደኔ ያለች» አለች።

እናትየው ራሷን ነቀነቀች፤ ያመነች ሰው አነቃነቅ አልነበረም። ከዚያ እጇን ዘርግታ፣ የልጅ ልጇን ሊቀበል የነበረውን የልጇን መዳፍ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ገልበጥ አድርጋም ታየው ጀመር።