በቀይ ክር የተሰፋው ከለላ

ዳገቱን ገና ሳያጋምሱት የልብስ ሰፊዋ ቀኝ እግር መቃጠል ጀመረ። የዚያች አልጋና ማድቤት ያላት አሮጌ የጉዞ መኪና ሞተር እንደ ሌላው መኪና ከፊት ለፊት የተቀመጠ አይደለም፤ በሹፌሩና በጎኑ ወንበር መካከል፣ በቆርቆሮ ክዳን ስር ተቀብሮ ነው የሚያጓራው። ሞተሩ ሲግል ክዳኑ ይግላል፣ ክዳኑ ሲግል የሹፌሩ እግር ይጠበሳል። የሙቀት መለኪያው ጌጅ መርፌ ቀዩን መስመር ሲነካ መኪናዋን ጥግ አስያዘችና ሞተሩን አጠፋች። ከፊት በኩል እንፋሎት ፊን ብሎ ወጣ።

"ፈላች?" አለ ባሏ ከጎኗ። ጌጁ ፊቱ ነበር፤ ግን ጠየቃት።

"ፈላች።"

"ሦስተኛችን ነው ማለት ነው።"

"ቆጥሬዋለሁ" አለች በቁጣ፤ ቁጣዋ በማን ላይ እንደሆነ ግን ገና አላወቀችም።

ባሏ ሠላሳ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ከዚህ ተራራ ማዶ አንድ ትልቅ ሐይቅ አለ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሳልፍ ተሳፋሪው 'ንዳው! ንዳው!' ይለኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላየሁትም" ይላል ሁልጊዜ። ጡረታ ሲወጣ የተመኘው ያንን ብቻ ነበር፤ ወንበር ዘርግቶ ሐይቁን ማየት። ዓይን ግን ቀጠሮ አያከብርም። የዓይን ሐኪሙ ደጋግሞ መረመረውና "ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አያዘግዩ፤ ከአራት ወር በኋላ ላለው እኔ ዋስ አልሆንም" አለው። መጀመሪያ ዳገቱን ሲሞክሩት ባሏ የመንገዱን ምልክት ሁሉ ከሩቅ ያነብላት ነበር። በሁለተኛው ትልልቁን ብቻ አነበበ። አሁን በሦስተኛው "ከፊታችን ምን አለ?" እያለ ነው የሚጠይቃት። ከአራቱ ወር ሦስቱ እንዲህ ሆነው አለቁ።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። መኪናዋን የገዙ ሰሞን ባልና ሚስት የፊት መከለያውን ፈትተው ውስጧን አይተዋል። በራዲያተሩና በማራገቢያው መካከል የበርሜል አፍ የሚመስል የፕላስቲክ ከለላ አለ። ማራገቢያው አየሩን በራዲያተሩ በኩል ብቻ እንዲስብ የሚያስገድደው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ማራገቢያው ያንኑ የሞተሩን ትኩስ አየር ሲያማስል ይውላል። ያ ከለላ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ነበር። መለዋወጫው ተፈልጎ አልተገኘም። ልብስ ሰፊዋ ምን አደረገች? ምስማር በእሳት አግላ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረገችው፣ ከዚያ ጫማ ሰፊዎች በሚጠቀሙበት ሰም በጠጣ ቀይ ክር ሰፋችው። መጨረሻው ላይ እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መልሳ ቋጠረችው።

"ጉድ እኮ ነው! ሰው መኪና ያስጠግናል፣ የኔ ሚስት መኪና ትሰፋለች!" ብሎ ባሏ እስኪያለቅስ ሳቀ። ይሳቅ እንጂ ሠራ። በሰፈሩ ዳገት ላይና ታች ብለው ሲሞክሯት መርፌው ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ለቆርቆሮው ክዳንም ከሱፍና ከሚያብለጨልጭ የሙቀት መከላከያ ወፍራም ልብስ ሰፋችለት፤ እግሯ ዳነ።

ከዚያ "ከትልቁ ጉዞ በፊት ወንድሜ ይይልን" አለች። ያለችውም እሷ ናት።

መካኒኩ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ዩኒፎርሙን ሰፍታ፣ የደብተር ቦርሳውን ሰፍታ፣ ዛሬም የጋራዥ ቱታውን እየጣፈች እዚህ ያደረሰችው እሷ ናት። እሱም እትዬ ሲላት አፉ ላይ ማር አለ። መኪናዋን ሳምንት ጋራዡ አቆይቶ ታጥባ፣ ዘይት ተቀይሮላት መለሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ዳገት በነካች ቁጥር የምትፈላው።

"የክዳኑ ልብስ ነው እትዬ" አላት ገና በሰፈሩ ዳገት ስትፈላ። "ሙቀቱን አምቆ መልሶ ሞተሩ ላይ ይደፋዋል።" ሄዳ ፈታችው፣ አሳስታ ሰፋችው። ፈላች። "አሁን ደግሞ በጣም ሳሳ" አላት። ፈታችው፣ ደርባ ሰፋችው። ፈላች። "ስፌቱ መሃል አየር ይገባል፣ ጠበቅ አድርጊው" አላት። ጠበቅ አደረገችው፤ ጣቶቿ እስኪደሙ። ያ ሁሉ ሲሆን "ምነው እጄ? ምን ነካኝ?" እያለች ራሷን ረገመች። አርባ ዓመት የሰው ሙሽራ ያለበሰ እጅ አንድ ቆርቆሮ ማልበስ አቃተው ብላ አፈረች።

የፊት መከለያውን ግን ዳግመኛ አልከፈተችውም። "እንዳትነኩት ትቃጠላላችሁ፤ እኔ አለሁላችሁ" ብሏቸዋል። የወንድሟ እጅ ያረፈበትን መፈተሽም ነውር መሰላት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ሰው ተረቱን የሚያስታውሰው ግን ከወደቀ በኋላ ነው።

ሞተሩ ሲበርድ ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወርደው በቀጥታ ጋራዡ ገቡ። ባሏ ከመኪናው አልወረደም። መካኒኩ ምሳ ሄዷል። ግቢው ውስጥ የነሱኑ የመሰለች ሌላ የጉዞ መኪና የፊት መከለያዋ ተከፍቶ ቆማለች፤ ባለቤቷ አንድ መነጽራም ፋርማሲስት ነው።

"የመካኒኩ እህት ነዎት አይደል? በመልክ ትመሳሰላላችሁ" አላት ደስ ብሎት። "ወንድምዎ እጁ ይባረክ! ያንን ተራራ ሁለቴ ወጣሁት፣ ሞቀ አይል፣ ፈላ አይል። ኑማ እዚህ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት። እስኪ ይሄን ይዩ፤ ፕላስቲክ በክር የሚሰፋ መካኒክ አይተው ያውቃሉ?"

ጎንበስ ብላ አየች። ቀይ ክር ነው። ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ከዳር እስከ ዳር። መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ተቋጥሯል።

ክው አለች። ሰው የልጁን መልክ ቢስት እንኳ የራሱን ስፌት አይስትም።

መካኒኩ በስንጥር ጥርሱን እየጎረጎረ ሲመጣ እህቱን ከተከፈተው መኪና ፊት አያት። ስንጥሩን ከአፉ አወጣ።

"እትዬ፣ መቼ መጣሽ?"

"ይሄ የማነው?"

ፋርማሲስቱን አየ፣ መሬቱን አየ። "የእሳቸውን ከለላ ሳወጣ እጄ ላይ ተሰበረ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እንክትክት አለ። ሰው አምኖኝ መጥቶ ሰበርኩት ልበለው? ስሜ ይጠፋል ብዬ ያንቺን ገጠምኩላቸው። አንቺ ግን የራሴ ነሽ፣ ትችይኛለሽ ብዬ ነው። ሌላ አዝዣለሁ፤ በሁለት ሳምንት ይደርሳል ብለውኝ…"

"ሦስት ወር ሆነው።"

"ዛሬ ነገ እያሉኝ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"የክዳኑ ልብስስ?"

ስንጥሩን በጣቶቹ ሰበረው።

"ሦስቴ አስፈታኸኝ። ጣቴ ሲደማ ፋሻ ያመጣህልኝ አንተ ነህ። እጄ ነው ጥፋቱ ብዬ ሳለቅስ ፊቴ ቆመህ ነበር። እያወቅህ!"

"አንድ ነገር ማለት ነበረብኛ! ምን ልበልሽ?"

"የጋሼህን ዓይንስ? ሐኪሙ ያለውን ነግሬሃለሁ።"

"ያን ያህል ይፈጥናል ብዬ አላሰብኩም" አለ።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይሄ ነው። ከለላው ብቻ ቢወሰድባት ትረሳው ነበር፤ ልጅ ነው ትል ነበር ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ። እጇን እንድትጠራጠር ማድረጉን ግን ምን ብላ ትረሳዋለች?

ፋርማሲስቱ ሁሉንም ሰምቷል። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና "መፍቻ ስጠኝ" አለው መካኒኩን። ራሱ ፈትቶ ከለላውን በሁለት እጁ አቀበላት። "ይቅር ይበሉኝ፣ አላወቅሁም። እኔ እዚሁ ሆኜ ያንን የሁለት ሳምንት ዕቃ እጠብቃለሁ።"

ከለላውን የገጠመው ባሏ ነው፣ ግማሹን በዳሰሳ። ጣቱ ቀዩ ክር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ስፌቱን እስከ ቋጠሮው ዳሰሰው። መካኒኩ ጠጋ ብሎ "ልያዝላችሁ?" አለ።

"እንዳትነካው" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ዳገቱን ወጡት። መርፌው መሃል ላይ ቆሞ፣ ክዳኑ ለብ ብሎ፣ የሳህኖቹ መንቀጫቀጥ ብቻ እየተሰማ ጫፉ ላይ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ያን ያህል ቀላል ነበር። ቀላልነቱ ነው ያንገበገባት፤ ከሦስት ወር በፊትም እንዲሁ ይወጣ ነበር።

ሐይቁ ዳር ወንበሩን ዘረጋችለትና አጠገቡ ተቀመጠች። ባሏ አንገቱን አስግጎ ወደ ፊት አየ።

"ይታይሃል?"

"ብርሃኑ ይታየኛል። ነጭ ነጭ ነገር። ውሃው የት ጋ እንደሚያልቅ ግን…" እጁን ዘረጋ። "ያ ሰማዩ ነው?"

"ሰማዩ ነው።"

"እንግዲህ አንቺ እያየሽ ንገሪኛ። ዛሬ የሚያጣድፈኝ ተሳፋሪ የለም።"

ከዳሩ ጀመረችለት፤ ሸምበቆውን፣ የተገለበጠችውን ጀልባ፣ አንድ እግሯን አጥፋ የቆመችውን ወፍ። ወፏ ጋ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ "ልጄ" ይላል። ወንድሟ የመጀመሪያ ስልኩን የገዛ ቀን እንዲያ ብላ ነበር የመዘገበችው።

"ማነው?" አለ ባሏ።

ስልኩን አጠፋችው።

"የማላውቀው ሰው ነው" አለችና ወፏ ጋ ካቆመችበት ቀጠለች።