ድንጋይ፣ ሐምራዊ፣ ብዛት አንድ

የሻው ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ሲቀረው ሌባ ተባለ፤ ያውም የድንጋይ ሌባ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአሶሳን የማዕድን ናሙና መጋዘን ቁልፍ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ የኖረ ሰው ነው። በእጁ ወርቅ አልፏል፣ እብነ በረድ አልፏል፣ የድንጋይ ከሰል አልፏል፤ አንዲት ጠጠር ጎደለችበት ተብሎ አያውቅም። አይ የሰው ነገር! ወርቅ እያለለት ምን በወጣው ድንጋይ ይሰርቃል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ሰዕዲያ የምትባል የመንጌ ወርቅ አጣቢ ፌስታል ሙሉ ጭቃ ይዛ ከሚኒባስ ወረደችና መጋዘኑን ጠይቃ መጣች። ሃምሳን የተሻገረች የበርታ ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ጉድጓድ ስትቆፍርና አፈር ስታጥብ ነው የኖረችው። ጭቃውን የሻው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። የሻው በልቡ ጠረጴዛዬን አለ።

«ይሄ ወርቅ አይደለም» አለችው። «ጉድጓድ ውስጥ አገኘን። ምን እንደሆነ አላወቅንም። መንግሥት ይወቅ ብዬ አመጣሁ።»

ከጭቃው ውስጥ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ወጣ። ሐምራዊ ነው፤ እንዲያው ዝም ብሎ ሐምራዊ ሳይሆን፣ ሲያዞሩት ውስጡ የሚያብለጨልጭ ድፍን ሐምራዊ። የሻው ሞዴል አሥራ ዘጠኝ አወጣ። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ማለት የመንግሥት መጋዘን የገባ ዕቃ ሁሉ የሚመዘገብበት ደረሰኝ ነው፤ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል ሃያ ሁለት አለ። በዚያ በሚኮራበት ጽሕፈቱ «ድንጋይ፣ ሐምራዊ፣ ብዛት አንድ» ብሎ ሞላ። ሰዕዲያ በዓረብኛ ፊደል ፈረመች።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «በጭቃው አስቀምጥ፣ እሺ?» አለችው።

«እሺ» አላት።

እሺ ማለትስ ምን ገዶት! የሻው ጭቃ አይወድም። መጋዘን የገባ ናሙና ሁሉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥ የሚለውን የውስጥ ደንብ ያረቀቀው ራሱ ነው፤ ከአዲስ አበባ የምስጋና ደብዳቤ የመጣለትም በዚሁ ደንብ ነው። ድንጋዩን በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ አጠበው። ከማማሩ የተነሳ ሳጥን ውስጥ መክተቱ ግፍ መስሎ ታየውና መስኮቱ ላይ፣ ከምሳ ዕቃው ጎን አኖረው። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ወደ እሷ ያዞረዋል።

በነሐሴ ጠርዝ ጠርዙ ቢጫ ጀመረው። አቧራ ነው ብሎ አጠበው። በጳጉሜ ቢጫው ሰፋ፤ ደግሞ አጠበው። መስከረም ሲያልቅ ድንጋዩ እርድ የተለቀለቀ መስሎ ቁጭ አለ። የሻው፣ ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፣ ማን ምን ይለኛል ብሎ ተወው።

ጥቅምት ላይ ለርክክብ ቆጠራ ሆነ። ቆጣሪው ኃይለኢየሱስ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው ነው። ኃይለኢየሱስ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን አማላጅ ተልኮ ያልቅ ነበር፤ እሱ ግን የተጻፈውን የሚያምን ሰው ነው፣ የዚህ ደግሞ አማላጅ የለውም።

«ድንጋይ፣ ሐምራዊ፣ ብዛት አንድ» አለ፣ ከመዝገቡ እያነበበ።

«ያውልዎት፣ መስኮቱ ላይ።»

«ይሄ ቢጫ ነው።»

«ቢጫ ሆነ።»

«ድንጋይ ቢጫ አይሆንም አቶ የሻው። ቢጫ የሚሆነው ጉበቱን የታመመ ሰው ነው።»

በሳምንቱ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ደረሰው። ሐምራዊውን ድንጋይ ሰውሮ በምትኩ ቢጫ ድንጋይ በማስቀመጥ ስለተጠረጠረ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ከዕዳ ነፃ መሆኑ የሚመሰከርበት ክሊራንስ አይሰጠውም ይላል። ክሊራንስ ከሌለ ደግሞ ጡረታ የለም። ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ገበያ ደርሶ ኖሮ፣ ለድንበር ከተማዋ ለኩርሙክ ነጋዴ ሸጠው ተባለ። የሻው ይህን ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ያልቻለው የሚስቱን ነው። አሰለፈች ራቱን አቅርባ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «እንግዲህ በእኔና በአንተ ይቅር፤ የት አደረግኸው?» አለችው። ራቱን ሳይነካ ተነሳ።

ኅዳር ሲገባ ወጣቷ ጂኦሎጂስት ሰብለወንጌል ከቶንጎ የመስክ ሥራ ተመለሰች። የሻው ነገሩን ሳይጨርስላት የጨረር መለኪያዋን አውጥታ ወደ ድንጋዩ አስጠጋችው። መሣሪያው ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረና ማቆም አቃተው።

«ጋሼ፣ ምሳ ዕቃዎን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«እዚያው ጎኑ።»

«ከዛሬ ጀምሮ እዚያ አይሆንም» አለችና ምሳ ዕቃውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ወሰደችው። ድንጋዩንም እርሳስ የለበሰ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ሁለት ቀን መጽሐፍ ስታገላብጥ ከረመች። በሦስተኛው ቀን የሻውን ጠርታ አስቀመጠችው። ድንጋዩ ዩራኒየም ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር የተጣመረበት፣ በዓለም ላይ እንኳ በጣት ከሚቆጠር ቦታ የሚገኝ ማዕድን ነው አለችው። አየር በማይደርስበት መሬት ውስጥ ሳለ ሐምራዊ ነው፤ አየር ሲያገኘው ኦክስጅን ይጠጣና ቢጫ ይሆናል።

የሻው ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው። «እንግዲያው ያው ድንጋይ ነው ማለት ነው!»

«እሱ ላይ ነው ችግሩ ጋሼ» አለች ሰብለወንጌል፣ ዓይኑን ላለማየት ገጹን እየገለጠች። «ሐምራዊው ኢያንቲናይት ይባላል፤ የስሙ ትርጉም ራሱ በግሪክኛ ሐምራዊ ማለት ነው። ቢጫ ከሆነ በኋላ ግን ሾፓይት ነው። የውስጥ አደራደሩ ሌላ፣ ምድቡም ሌላ። መጽሐፉ ሁለት ማዕድን ብሎ ነው የሚቆጥራቸው።»

«አንዱን ድንጋይ?»

«አንዱን ድንጋይ።»

ይህንኑ ጉዳዩን ለሚያጣራው ኮሚቴ አስረዳች። ኃይለኢየሱስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትኩረት ሰማት፤ ሁሉንም ጻፈ።

«እንግዲያው በሳይንሱም ሁለት ናቸው» አለ። «የገባው የመጀመሪያው ነው፤ ያለው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት ወጥቷል።»

«አየር ነው የቀየረው አቶ ኃይለኢየሱስ።»

«አየር ፈርሟል?»

ሰብለወንጌል ሌላ መላ አመጣች። ቢሰበር፣ አየር ያልደረሰበት ልቡ ሐምራዊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል አለች። ኃይለኢየሱስ አሰበበት። ተሰብሮ ሐምራዊ ካልተገኘ፣ አንድ የጎደለና አንድ የተበላሸ ንብረት ይሆናል፤ ሁለቱም በአቶ የሻው ስም። ይፈርማሉ ወይ አለው። የሻው ስንት ጊዜ እንዳጠበው አስታወሰ። ውሃው የት ድረስ እንደገባ ማን ያውቃል?

«ያመጣችው ሰው በተገኘችበት እፈርማለሁ» አለ።

ሰዕዲያ በስልክ ተጠርታ በማግሥቱ ከመንጌ መጣች። ሳጥኑ ሲከፈት ድንጋዩን አየች፤ ከዚያ የሻውን አየች።

«አጠብከው» አለች።

«አጠብኩት።»

«በጭቃው ብዬህ ነበር። እኛ ጋ ቀለም ያለው ድንጋይ ሲገኝ ጭቃ ውስጥ ይመለሳል፤ ገዢ እስኪመጣ አይወጣም። ቀለም ያለውን አየር ይበላዋል። ወላሂ ሕፃንም ያውቃል።»

የሻው አንገቱን ደፋ። ይህን ሁሉ ወር በሐሰት ተከስሻለሁ ሲል ነበር የከረመው፤ ጥፋት አለብህ ቢሉት ደግሞ ያለበት ጥፋት ይኸው ነው። ወደ ኮሚቴው ዞረ። «አልሰረቅሁም» አለ። «ግን ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። አጥቤ አበላሸሁት።»

ሁሉም ወደ ግቢው ወጡ። ሰብለወንጌል ድንጋዩን ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ አሰረችው፤ ሰውን ሁሉ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ራቅ በሉ አለች። የሻው ፈርሞ መዶሻውን ተቀበለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ሲጠብቅ እንጂ ሲሰብር አያውቅም። አንድ ጊዜ አነሣው፣ አወረደው። ደግሞ አነሣው፣ ደግሞ አወረደው። ሰዕዲያ ታዝባ ታዝባ መዶሻውን ከእጁ ተቀበለችው። በፕላስቲኩ ላይ በአውራ ጣቷ ስንጥቁን ፈለገች፤ አንዴ መታችው። ለሁለት ተከፈለ።

ልቡ ሐምራዊ ነው። ሐምሌ ላይ ጭቃው ውስጥ ያየው ያ ሐምራዊ፣ ምንም ሳይጎድል።

ኃይለኢየሱስ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። «ሐምራዊ» አለ በመጨረሻ። ሰብለወንጌል አፈሩን በጀሪካን ውሃ አራሰችና ሁለቱን ክፋይ ከነፕላስቲካቸው በጭቃ ጠቀለለቻቸው፤ ሰዕዲያ ቆማ ታርማት ነበር።

ቢሮ ገብተው ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ ድንጋዩ ተገኝቷል፣ ክሊራንስ ይሰጠው ተባለ። ኃይለኢየሱስ ወረቀቱን ወደ የሻው እየገፋ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እኛ እኮ አልጠረጠርንዎትም አቶ የሻው። አሠራር ሆኖ ነው።»

«እሱንም ይጻፉልኝ» አለ የሻው።

«የቱን?»

«እንዳልጠረጠራችሁኝ።»

ኃይለኢየሱስ እስክሪብቶውን አነሣ። ፋይሉ ተከፍቶ ነበርና፣ ከላይ ያለው ያ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነው፤ «ስለተጠረጠረ» የሚለው ቃል ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ኃይለኢየሱስ በሕይወቱ ፋይሉ የማያውቀውን ነገር ጽፎ አያውቅም። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ሰዕዲያ የመንጌ ሚኒባስ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠየቀች።

በመጨረሻ ኃይለኢየሱስ ጎንበስ ብሎ አንድ መስመር ጨመረ፤ ፈረመበት፣ ማኅተሙን ራሱ መታበት፣ ወረቀቱንም እንደገና ገፋው። «ጠርጥረነዋል፤ ተሳስተናል» ይላል።

የሻው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ተሳስተናል» የሚለው ላይ ሲደርስ መዳፉን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ እዚያው በሰው ፊት፣ አለቀሰ።