የሚሊሜትር ደብተርና አዲሱ ታብሌት

የእህቱ ልጅ አዲሱን ታብሌት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥለት፣ ሚሊሜትር መጀመሪያ ያደረገው ነገር መለካት ነው። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ቁመቱን፣ ወርዱን፣ ቀጥሎም ውፍረቱን ለካ። «ሃያ አምስት በአሥራ ሰባት፤ ጥጋጥጉ ክብ» አለ። «የቆረጠው ሰው ጎበዝ ነው።»

ሚሊሜትር ስሙ አይደለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጨርቅ ሲቆርጥ አንዲት ሚሊሜትር ስቶ ስለማያውቅ ደንበኞች ያወጡለት ነው፤ እሱም ቅጽል ስሙን እንደ ሹመት ይዞታል። ልብስ ስፌት ቤቱ የእህቱ ነበር። እሷ ስትሰፋ፣ እሱ ሲቆርጥ ኖሩ። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ቤቱም ለልጇ ተላልፏል። ልጅቱ የተማረችው አስተዳደር ነው፤ መቀስ ይዛ አታውቅም፤ ንግግሯ ግን ቁርጥ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ እንዳትቀየመኝ» አለችው። «የደንበኞቹን ልክ ከደብተርህ ወደዚህ ታስገባልኛለህ። ከዚያ በኋላ መቁረጡን በማሽን የሚቆርጥ ድርጅት ይሠራልናል። መጀመሪያ በወረቀት ቆርጠው ይልካሉ። ወረቀቱ ልክ ከሆነ፣ የሚመጣው ሐሙስ አናጢ ይመጣል።»

«አናጢ ደግሞ ምን ሊያደርግ?»

«ጠረጴዛውን ሊያወጣ። በበሩ ስለማያልፍ በመጋዝ ተቆርጦ ነው የሚወጣው። አንተ ልክ ብቻ እየወሰድክ አረፍ ትላለህ።»

ሚሊሜትር ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለካው። ጠረጴዛው አራት ሜትር ነው፤ ዕድሜው ያለቀው በዚያ ዙሪያ ሲመላለስ ነው። ፊቱ ላይ ግን ምንም አላሳየም። ማሽን እንደሱ ሊቆርጥ? ይሞክረዋ! እንዲያውም ዕቃውን መያዝ አቃተው ተብሎ እንዳይታማ፣ ታብሌቱን ከሷ አብልጦ ሊያውቀው ወሰነ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ትግል ነበር። መርፌ እንዳይወጋው ጣቱ ላይ በሚያጠልቃት የብረት ቆብ ቢነካው፣ ደግሞ ቢነካው፣ ታብሌቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ደንቆሮ ዕቃ ነው የሸጡልሽ» ብሎ ሊመልስላት ሲል ቆቧን አውልቆ በባዶ ጣቱ ነካው፤ ወዲያው በራ። ስድቡን ዋጠ። ቆም ብሎ ሲያስብ ደግሞ ስክሪኑ ይጨልማል። «እኔ ሳስብ ይሄ ይተኛል እንዴ?» አለ። ገጽ ሊገልጥ እንደ ደብተሩ ጣቱን በምላሱ ሲያርስ፣ የእህቱ ልጅ ሳቋን አፍና መወልወያ አቀበለችው።

ከሰዓት በኋላ ነገር ተለወጠ። አንድ ቁራጭ ጨርቅ ፎቶ አንስቶ በሁለት ጣቱ ሲለጥጠው፣ ክር ከክር ላይ ሲያልፍ አንድ በአንድ ታየው። መነጽሩን አውልቆ ወልውሎ እንደገና አየ። ለዓመታት በዳበሳ ብቻ የሚያውቀውን ሽመና በዓይኑ ማየቱ እንደ ሕፃን አስፈነደቀው። «ይቺማ ዓይን ናት» አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ታብሌቱ «እሷ» ሆነች።

በሦስት ቀን የሁለት መቶ ደንበኛ ልክ አስገባ። ለሙከራ የተላከው ግን በመጀመሪያው ቀን ያስገባው፣ የጡረተኛው ባቡር ነጂ ኮት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱ ተጠቅልሎ መጣ። ባቡር ነጂውም ሊለካ ተጠርቶ እዚያው ቆሟል። የእህቱ ልጅ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እጅጌው የጎልማሳ፣ ቁመቱም የጎልማሳ፣ ደረቱ ግን የጨቅላ ነው። ባቡር ነጂው ሆዱን ዳበስ አደረገና «ይሄ ለኔ ነው ወይስ ለጃንጥላዬ?» አለ።

ልጅቱ አፈረች። «አሁኑኑ እመልሰዋለሁ» አለች። «ታብሌቱንም፣ ውሉንም። ይቅርታ ጋሼ፤ አንተው ትቆርጣለህ። አናጢውም ይቅር።»

ሚሊሜትር ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። ወረቀቱን ገና እንዳየው ገብቶታል። ጨርቅ የሚቆረጠው ለሁለት ታጥፎ ስለሆነ፣ የደረትና የወገብ ዙሪያን ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ግማሹን ነው። የባቡር ነጂው ደረት አንድ መቶ አሥራ ሁለት ነው፤ ደብተሩ ላይ ሃምሳ ስድስት ይላል፤ እሱም ሃምሳ ስድስት ብሎ አስገባ። ደብተሩን ከሱ በቀር ማንም አንብቦት ስለማያውቅ፣ ይህን ለሌላ መንገር ያስፈልጋል ብሎ አስቦ አያውቅም። ማሽኑ የተነገረውን አንዲት ሚሊሜትር ሳይስት ቆርጧል።

ዝም ቢል ጠረጴዛው ይቀርለታል። መዳፉን እንጨቱ ላይ አሳረፈ። ፈራ፤ በጣም ፈራ። ግን በገዛ ስህተቱ የሌላው ንጹሕ ሥራ ሲወቀስ ቆሞ ማየት አልሆነለትም። እንዲህ ያለ ድል አያኮራውም።

«አትመልሺያት» አለ። «ስህተቱ የኔ ነው። ደረቱን ግማሹን ነገርኳት፤ ግማሹን አመጣችው። አቆራረጡ ጥርት ያለ ነው፤ እኔም ከዚህ አላሻሽለውም።»

ባቡር ነጂው የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑ ገባውና «እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

«ዝም ብትል እመልሰው ነበር እኮ» አለች ልጅቱ።

«ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ጠረጴዛህስ?»

«እኔ ከማንም ጋር ብወዳደር አሸንፋለሁ። ግን ተወዳድሬ ነው።»

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እሷ ከደብተሩ ስታነብ እሱ ቁጥሩን እጥፍ እያደረገ ያርም ጀመር። ጣቱ ፈጥኗል፤ እንዲያውም «ቶሎ ቶሎ አንብቢ» ይላት ነበር። የባቡር ነጂው ገጽ ላይ፣ ከቁጥሮቹ ጎን ወደ ቀኝ ያዘነበለች ትንሽ ሰረዝ አየች።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

«ቀኝ ትከሻው ሁለት ሴንቲ ዝቅ ይላል። ሠላሳ ዓመት በባቡሩ መስኮት ብቅ እያለ ሐዲድ ሲያይ ያመጣው ነው። ኮቱን በዚያው ልክ እቆርጥለታለሁ፤ ሲለብሰው ቀጥ ይላል።»

«እዚህ የት ላይ አስገባሃት?»

«ቦታ የላትም። ፈልጌ አጣሁ።»

ልጅቱ ገጾቹን አገላበጠች። ሰረዝ ያለበት ገጽ ብዙ ነው። አንዱ ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ። ስም የለውም፤ «እህቴ» ብቻ ይላል። ደረት አርባ ስድስት፣ ወገብ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ከጎኑም ወደ ግራ ያዘነበለች ሰረዝ።

«እሱን አላስገባሁትም» አለ ሚሊሜትር ቶሎ ብሎ። «የሌለ ሰው ልክ ለታብሌቷ ምን ያደርግላታል ብዬ።»

«የእማዬ ትከሻ ዘንበል ያለ ነበር እንዴ? አንድም ቀን አላየሁም።»

«እንዴት ታዪዋለሽ፣ እኔ እየቆረጥኩላት?» ሰረዟን በጣቱ ጠቆመ። «የድሮው ገጿ ላይ ይቺ ሰረዝ የለችም። የመጣችው አንቺ ከተወለድሽ በኋላ ነው። ስታወርድሽ ታለቅሺ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በግራ ትከሻዋ ይዛሽ፣ በአንድ እጇ ነው የሰፋችው።»

ልጅቱ ሰረዟን በጣቷ ነካቻት። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ከዚያ ስልኳን አነሣችና ለአናጢው ደወለች።

«ነገ አይምጡ» አለችው። ትንሽ አዳመጠች። «አይ፣ ሌላ ቀንም አይምጡ።»

ታብሌቷ ዝም ሲሏት ጨልማ ነበር። ሚሊሜትር በጣቱ ቀሰቀሳትና የእህቱን ገጽ ፎቶ አነሣ። ከዚያ ሁለት ጣቱን አሳርፎ ቀስ ብሎ ለጠጠው። ትንሿ ሰረዝ ስክሪኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሞላችው።

«ቦታ አገኘሁላት» አለ።